«እሱ ይሄን አላለም»

ጋሼ የሞተ ሰሞን ነው። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ቅሬው (እድሩ) በተከለው ድንኳን ውስጥ ተቀምጠናል። ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ ኖረ። ሰው የሚያውቀው ግን በጨዋታው ነው። ሱሪ ለማሳጠር የመጣ ሰው ሱሪው ካለቀለት በኋላም አይነሳም ነበር። ጋሼ የጀመረውን ወሬ ሳይጨርስ ማን ይነሳል?

በሦስተኛው ቀን ለቅሶው ወደ ጨዋታ ዞረ። ወሎ ለቅሶ የደረሰ ሰው ይሄን ያውቀዋል። ሼሁም ቄሱም አንድ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው፣ አንዱ «አንድ ቀን ምን አለኝ መሰላችሁ» ብሎ ይጀምራል። ሰው እንባውን ሳይጠርግ ይስቃል። እኔ ከእትዬ ጎን ነበርኩ፤ የጋሼ ባለቤት ናት። አንድ የሰፈር ሰው ተነሳና ጋሼ ሰኞ ገበያ መንገድ ላይ አህያ የሚነዱ ሴቶች እንዳገኘ አወራ። «እንደምን አደራችሁ፣ የአህያ እናቶች» ሲላቸው «እንደምን አደርክ፣ ልጃችን» ብለው መለሱለት አለ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። እትዬ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እሱ ይሄን አላለም» አለችኝ። «ይሄ የአለቃ ገብረ ሃና ነው።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ሴት አይሰድብም ነበር» አለች።

ከእኔ ሌላ የሰማት የለም። ቃሏ ግን ለብዙ ቀን ከጆሮዬ አልወጣም።

ያን ሰሞን የአሜሪካዊውን ደራሲ የማርክ ትዌይንን የሕይወት ታሪክ በአማርኛ ዊኪፒዲያ ላይ እያሻሻልኩ ነበር። ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ክፍል ውስጥ ነው። እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የአንድ ተማሪዬን ጽሑፍ ሳርም፣ «ማርክ ትዌይን እንዳለው፣ እውነት ጫማዋን እስክታጠልቅ ውሸት የዓለምን ግማሽ ትዞራለች» የሚል አየሁ። ቆንጆ አባባል ነው። የማርክ ትዌይን ግን አይደለም። ከጻፋቸው ሁሉ ውስጥ የለም። ይሄን የሚመስል ሐሳብ እሱ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድሞ የአየርላንዱ ጸሐፊ ጆናታን ስዊፍት ጽፎታል። ልጁን ጠርቼ ነገርኩት። አልተከራከረኝም። «ታዲያ ቲቸር፣ እውነተኛውን በአማርኛ የት ላንብበው?» አለኝ።

የምመልስለት አጣሁ። ቤት ገብቼ ስፈልግ ያገኘሁት አጭር ነገር ነበር። ለተማሪዬ አንብብ ብዬ የምሰጠው ዓይነት አልነበረም።

ዊኪፒዲያ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ዛሬ ከ300 በላይ በሚሆኑ ቋንቋዎች ይጻፋል። የእንግሊዝኛው ወደ 7 ሚሊዮን ጽሑፍ አለው። የአማርኛው፣ ራሱን «ውክፔዲያ» ብሎ የሚጽፈው፣ 15 ሺህ ገደማ ነው። ይሄን ቁጥር ሳስብ ያመኛል። እንግሊዝኛ የማይችል ጎበዝ ልጅ ስልኩን ከፍቶ ስንት ነገር ሳያገኝ እንደሚቀር እያየሁ ነው የማስተምረው። ደግነቱ በሩ ክፍት ነው። ማንም ገብቶ ይጽፋል፣ ያርማል። ደንቡም ለመናገር ቀላል ነው። የጻፍከውን ከየት እንዳመጣኸው አሳይ። አታድላ። የራስህን ግምት አትጨምር። ሲሠሩት ነው ክብደቱ የሚታወቀው።

ልጀምር ስል ዳታ ጠፋ። አማራ ክልል የነበረ ሰው የ2015ን ነሐሴና ከዚያ በኋላ ያሉትን ወራት አይረሳቸውም። መጀመሪያ ተበሳጨሁ። በኋላ ግን ለሥራው በጀው። ላፕቶፔ ላይ ቀድሜ ያወረድኳቸው መጻሕፍት ነበሩ፤ የራሱ ጽሑፎችና አልበርት ፔይን እ.ኤ.አ. በ1912 ያሳተመው የሕይወት ታሪኩ። ፔይን በመጨረሻዎቹ ዓመታት ከአጠገቡ ያልተለየ ሰው ነው። መብራት ሲኖር አነባለሁ። ሲጠፋ ሻማ አብርቼ በደብተር እጽፋለሁ። ስልኬ ላይ ዘው ብሎ የሚመጣ ጥቅስ ስላልነበረ ሰውየውን ከራሱ አፍ ሰማሁት። ኢንተርኔቱ ሲመለስ ደብተሬ ሞልቶ ነበር።

ስሙን ማስረዳት ብቻ ስንት ቀን ፈጀብኝ። ማርክ ትዌይን እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ሳሙኤል ላንግሆርን ክሌመንስ ነው የሚባለው። በወጣትነቱ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የእንፋሎት መርከብ መሪ ነበር፤ ፈቃዱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው። መርከቧ ስትሄድ አንድ ሰው ጫፉ ላይ እርሳስ የታሰረበት ገመድ ውሃው ውስጥ ይጥላል። ጥልቀቱን እያየ ይጮሃል። «ማርክ ትዌይን!» ካለ «ምልክቱ ሁለት ላይ ነው» ማለቱ ነው። ሁለት የሚባለው ደግሞ ሁለት ፋተም ነው። 12 ጫማ፣ በሜትር 3.7 ገደማ። መርከቧ መሬት ሳትነካ ታልፋለች ማለት ነው።

ፋተምን በአማርኛ ምን ልበለው? ጋሼ ያኔ በሕይወት ነበር። ሱቁ ሄድኩ። «ጋሼ፣ እጅ ግራና ቀኝ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ስንት ይሆናል?» አልኩት። ሲንጀሩን አቁሞ ተነሳ። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ሁለት እጁን ዘረጋ። ጠባቧ ሱቅ ውስጥ አንዱ እጁ የተሰቀለ ኮት ነካ፣ ሌላው በሩ ድረስ ሄደ። «ለኪኝ» አለ። ለካሁት። አንድ ሜትር ከሰማንያ ሆነ። ፋተም ይሄን ያህል ነው፤ 6 ጫማ። ደብተሬ ላይ «ሁለት ሰው እጁን ዘርግቶ ቢያያዝ የሚሆነውን ያህል ጥልቀት» ብዬ ጻፍኩ። ይቺ ዐረፍተ ነገር ዛሬም እዚያው አለች። የዘረጋው ማን እንደሆነ መዝገቡ አያውቅም። እኔ ግን ባነበብኳት ቁጥር የማየው የጋሼን እጅ ነው።

ያን ቀን ጋሼ ስለ ሰውየው ብዙ ጠየቀኝ። እየሳቀ አዳመጠኝ። ልወጣ ስል «ቤቱ ሲገባስ ይጫወታል?» አለኝ። አላወቅኩም። ደብተሩ ጠርዝ ላይ ጥያቄውን ጻፍኩት።

የልደቱን ቀን ላንሳ፤ ሌላ ሰው እኔ በወደቅኩበት እንዳይወድቅ። ማርክ ትዌይን የተወለደው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 1835 ነው፣ ሚዙሪ ግዛት ውስጥ ፍሎሪዳ በምትባል መንደር። በእኛ ስንት ይሆናል? በዘመናችን ኖቬምበር 30 ኅዳር 21 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ኅዳር 20 ይሆናል። የ1827 ጳጉሜን 6 ቀን ነበረች። ስለዚህ ኅዳር 20 ቀን 1828 ብዬ አሰፈርኩ። ስህተት ነበር። እኛ በየአራት ዓመቱ ሳንዘል ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። ፈረንጆቹ ግን 1900ን ተራ ዓመት አድርገው አልፈዋታል። ከዚያ በፊት በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ቀን ያንስ ነበር። ስለዚህ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቀን ዛሬ በለመድነው ሒሳብ አይመለስም። ሦስት ጊዜ በወረቀት ላይ ሠራሁት። ኅዳር 21 ሆነ። ኅዳር ጽዮን! ብቻዬን ቁጭ ብዬ ደስ አለኝ።

የሞተው ኤፕሪል 21 ቀን 1910 ነው፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1902። ያኔ ወሎን የሚገዙት፣ ደሴ የተቀመጡት፣ ራስ ሚካኤል ናቸው። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆኑ ከታወጀ ዓመት አልሞላውም። ይሄ መዝገቡ ውስጥ አይገባም፤ ቦታውም አይደለም። ለራሴ ግን አስፈለገኝ። ሰውየውን ሩቅ አገር ካለ ሐውልትነት አውጥቼ በአያቶቼ ዘመን ማቆም ፈልጌ ነው።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ገጠመኝ። እንግሊዝኛው አንድ ቃል አለው፤ ሰው በማሳቅ የሚጽፍ ደራሲ ማለቱ ነው። በአማርኛ «ቀልደኛ» ብል ቀለለብኝ። ቀልደኛ ቁም ነገር የሌለው ሰው ነው የሚመስለው። «ፌዘኛ» ብል ሰደብኩት። «ኮሜዲያን» መድረክ ላይ አወጣው። ብዙ አሰብኩ። ለካ ቃሉ ቤታችን ነበር። ጋሼን ሰው ምን ነበር የሚለው? «ጨዋታ አዋቂ»። አዋቂ የሚለው እዚህ ዝም ብሎ አልገባም። ጨዋታ ይታወቃል፣ እንደ ቅኔ፣ እንደ ሕግ። «አሜሪካዊ ደራሲና ጨዋታ አዋቂ» ብዬ ጻፍኩ። አሁንም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ።

አንቱታውስ? «ተወለዱ» ልበል «ተወለደ»? እናቴን ጠየቅኳት። «የሞተ ሽማግሌ አንቱ ነው የሚባለው» አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን አባቱ ሲሞት 11 ዓመቱ ነው። «በ11 ዓመታቸው አባታቸው ሞቱባቸው» ስል ልጁ ጠፋ። ባዶ እግሩን ወንዝ ዳር የሚሮጠው፣ ከዚያ በኋላ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ የተቀጠረው ልጅ የለም። ሽማግሌ ብቻ ቀረ። ጋሼን አንተ እያልኩት ነው ያደግኩት፤ ስለናቅኩት አይደለም። ለማርክ ትዌይንም «እሱ» አልኩ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ። አንድ ጽሑፍ ውስጥ ግማሹን አንቱ ግማሹን አንተ ማለት ግን ከሁለቱም የከፋ ነው። ይሄን በየጋዜጣው አየዋለሁ፤ ልባችን ሲያመነታ ብዕራችን ላይ ይታወቃል።

ከድንኳኑ በኋላ ግን ዋናው ሥራዬ ያላለውን ጥቅስ መንቀል ሆነ።

ጨዋታ አዋቂ ሰው ሲሞት ባለቤት የሌለው ቀልድ ሁሉ እሱ ቤት ይገባል። አለቃ ገብረ ሃናን ተመልከቱ። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ትልቅ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ናቸው። የተክሌ አቋቋም ሲነሳ ስማቸው አብሮ ይነሳል። እኛ ግን የያዝናቸው በቀልድ ብቻ ነው፤ እሳቸው ያሉትም ያላሉትም አንድ ላይ ተከምሮ። የአህያ እናቶችን ወሬ እትዬ የአለቃ ነው አለች። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ አንድ የቦረና ሼህ ተናገሩት ሲባል ሰምቻለሁ። ድንኳኑ ውስጥ ደግሞ የጋሼ ሆነ። ቀልዱ ይዞራል፤ ሰው ይጠፋል። ሊቁ የደከመበት ዝማሬ ተረስቶ አህያ ነጂዎቹ ይቀራሉ። ይሄ እኔን ያሳዝነኛል።

ማርክ ትዌይንም እንደዚሁ ነው። «ካሳለፍኩት ክረምት ሁሉ ብርዱ የከፋው የሳን ፍራንሲስኮ በጋ ነው» አለ ይባላል። አላለም። ስለ ሞቱ የተነገረውም አለ፤ ሁሉም የሚያውቀው። «የሞቴ ወሬ ከልክ በላይ ተጋኗል» አለ ይሉታል። ይሄኛው ሥር አለው፤ ቅርንጫፉ ነው የተቀጠለው። እ.ኤ.አ. በ1897 ለንደን ነበር። የአጎቱ ዘር የሆነ ሌላ ክሌመንስ እዚያው ከተማ ታመመ። ወሬው ተምታታና ታመመ፣ ሞተ የተባለው እሱ ሆነ። ከኒው ዮርክ ጋዜጣ የተላከ ዘጋቢ መጥቶ ጠየቀው። በጽሑፍ መለሰለት። የታመመው ዘመዴ ነው፤ አሁን ድኗል፤ የእኔ ሕመም ወሬ ከእሱ ሕመም የመጣ ነው፤ «የሞቴ ወሬ ማጋነን ነበር» አለ። «ከልክ በላይ» የምትለው በኋላ የተጨመረች ናት። ዋናው ንግግር እንዴት ጨዋ እንደሆነ እዩት። መጀመሪያ ያነሳው የዘመዱን ደኅንነት ነው። ያ ሁሉ ወድቆ አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። እኔ ሙሉውን አስገባሁ።

ሰባት ጥቅስ ነቀልኩ። አንዳንዱን ስነቅል እጄ ተንቀጠቀጠ ብል አላጋነንኩም፤ ቆንጆ ቆንጆ ነበሩ። ለአንባቢ ደስታ እየቀነስኩ እንደሆነ ተሰማኝ። ከዚያ የእትዬ ድምፅ ትዝ ይለኛል። አርባ ዓመት አብራው የኖረች ሴት፣ በባሏ ድንኳን፣ ባሏ ሌላ ሰው ሲሆን እያየች። ጥቅሱን እነቅላለሁ።

የተነቀለው ቦታ ባዶ እንዳይቀር ሕይወቱን ማስገባት ነበረብኝ። ታናሽ ወንድሙን ሄንሪን መርከብ ላይ ሥራ ያስገባው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1858 የመርከቧ የእንፋሎት ጋን ፈነዳ። ሄንሪ በ19 ዓመቱ ሞተ። ማርክ ትዌይን ዕድሜውን ሙሉ ራሱን ሲከስ ኖረ። በኋላ፣ ስሙ ዓለምን ከሞላ በኋላ፣ ፊደል የሚለቅም አዲስ ማሽን ላይ 300 ሺህ ዶላር ገደማ አፈሰሰ። ማሽኑ አልሆነም። በ1894 ከሰረ። ሕጉ ሙሉ ዕዳውን ክፈል አላለውም ነበር። እሱ ግን ስድሳ ዓመት ሊሞላው ሲል ተነስቶ ከአውስትራሊያ እስከ ሕንድ፣ ከሕንድ እስከ ደቡብ አፍሪካ እየዞረ ሰው አሳቀ። በዚያ ገንዘብ በ1898 ዕዳውን ሁሉ ከፍሎ ጨረሰ። ጉዞው እንዳለቀ፣ ኦገስት 1896 ላይ፣ እንግሊዝ ሳለ ቴሌግራም ደረሰው። ሱዚ፣ የ24 ዓመት ልጁ፣ አሜሪካ ውስጥ በማጅራት ገትር ሞታለች።

ይሄን ክፍል መጀመሪያ ስጽፈው «ልብ የሚሰብር»፣ «ታላቁ ደራሲ»፣ «መሪር ሐዘን» አብዝቼበት ነበር። አንድ ሌላ አራሚ ገብቶ ሁሉንም አወጣቸው። ተናደድኩ። ሌሊቱን መልስ ሳዘጋጅ አደርኩ። ጠዋት መልሼ ሳነበው ያለ እነዚያ ቃላት የበለጠ ከብዷል። ቀኑ፣ ዕድሜዋ፣ ሕመሙ፣ ቴሌግራሙ። መልሱን ሳልልክ ተውኩት። አራሚው ማን እንደሆነ አላውቅም። እጁ ይባረክ።

ባለፈው ጥር እትዬ ጋ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ቄጤማው ተጎዝጉዟል። ከጦሳ ተራራ በኩል ነፋስ ይገባል። የጋሼ ሲንጀር ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። አቦሉን እየጠጣን «ያ ሰውዬሽስ? ጨረስሽው?» አለችኝ። የጋሼን ጥያቄ ነገርኳት፤ ቤቱ ሲገባ ይጫወታል ወይ ያለውን።

ፈገግ አለች። «የራሱን ነው የጠየቀሽ» አለች። «እዚህ ሲገባ ዝም ያለ ሰው ነበር። እሳቱን እያየ ይቀመጣል። የመጀመሪያ ልጃችን ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ነው። ሰው አያውቅም። ሱቁ ሲሄድ ነው የሚነሳው።»

ልጅ እንደሞተባቸው በወሬ አውቅ ነበር። ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ምን እንደምላት ስላጣሁ የማርክ ትዌይንን ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1870 ኦሊቪያ የምትባል ሴት አገባ፤ በዚያው ዓመት ወንድ ልጅ ተወለደላቸው፤ በዲፍቴሪያ ሞተ። ከአራት ልጆቹ ማርክ ትዌይን ሲሞት በሕይወት የቀረችው ክላራ ብቻ ናት። የመጨረሻዋ ልጁ ዣን የሞተችው በ1909 በገናቸው ዋዜማ ነው፤ ያን ቀን ቁጭ ብሎ ስለ እሷ መጻፍ ጀመረ፣ ሦስት ቀን ጻፈ። በአራት ወሩ ራሱም ሄደ።

እትዬ ስለ ዣን አልጠየቀችም። «ወንዱ ስንት ዓመቱ ነበር?» አለችኝ።

«አንድ ዓመት ከሰባት ወር።»

ሲኒዎቹን ሰብስባ በረካውን ቀዳች። እጇ ጀበናው ላይ ቆየ።

«ስሙስ?»

ስሙን አውቀዋለሁ። ላንግደን ነው። ጽሑፉ ውስጥ ግን «አንድ ወንድ ልጅ በሕፃንነቱ ሞተበት» ብዬ ነበር ያለፍኩት። ነገርኳት። ሁለት ጊዜ ቀስ ብላ አለችው፤ «ላንግደን፣ ላንግደን»። አፏ ላይ ሌላ የወሎ ልጅ ስም መሰለ።

ማታ ቤት ገብቼ ላፕቶፔን ከፈትኩ። ስሙንና ወሩን ጨመርኩ፤ ጁን 1872። ምንጩን አስገባሁ። የተደረገውን ለውጥ በአጭሩ ግለጽ የሚለው ቦታ ላይ «የልጁ ስም ተጨምሯል» ብዬ ጻፍኩና አስቀመጥኩት።